ማን ይቆጥራል? የጋሞ ቤቶች ከማገዶ እስከ ስማርት ቆጣሪ

አርባ ምንጭ ውስጥ ስለ መብራት የሚያወራው የማያጣ ሰው ብዙ ነው። አንዱ ከተማዋ በጄነሬተር ትበራ የነበረበትን ዘመን ከአባቱ ሰምቷል። ሌላው የፈረቃውን ወራት አይረሳም። ወጣቱ የሚያውቀው ደግሞ ሒሳብን በስልክ መክፈልን ነው። አሁን ቤቱ ራሱ የኃይል ፍጆታውን ይቆጣጠራል፣ ቆጣሪው ሰው ሳይልክ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ይነጋገራል የሚል ወሬ መጥቷል፤ ስማርት ቤት ይሉታል። መሣሪያው አዲስ ነው። በጋሞ ምድር ግን የቤትን ኃይል መቁጠርና ማብቃቃት ከኤሌክትሪክ በፊትም ነበረ። ታሪኩ ከየሰዉ ትዝታ ተለቅሞ ሲገጣጠም በየዘመኑ አንድ ጥያቄ ይመላለስበታል፤ የሚቆጥረው ማን ነው? ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1950ዎቹ በፊት፦ እሳት የሚጫርበት ዘመን

ጨንቻና ዶርዜ ያሉበት የጋሞ ደጋ ብርዱ የጠና ነው። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ትላለች። የዶርዜን ቤት ለእንግዳ የሚያስጎበኙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዝሆን መምሰሉን ነው የሚያስቀድሙት፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ቁም ነገሩ ውስጡ ነው። ቤቱ ከቀርከሃ ተሸምኖ ይቆማል። ምድጃው ከውስጥ ነው፣ ከብቶቹም ማታ ከሰዎቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። የከብቶቹ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቃል። ጭሱ በክዳኑ እየሰረገ ሲወጣ ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቃል። አንዲት እሳት ታበስላለች፣ ታሞቃለች፣ ታበራለች፣ የቤቱንም ዕድሜ ታራዝማለች። ምስጥ የግድግዳውን እግር ሲበላው ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም፤ ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ይሸከመውና ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ጭሱ ዓይንና ሳንባ እንደሚጎዳ አይካድም፤ ያንን ዋጋ በብዛት የከፈሉት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ይሁን እንጂ ከአንድ እስር እንጨት ይህን ያህል አገልግሎት የሚያወጣ ቤት ዛሬም በቀላሉ አይገኝም።

የቤቱ ቆጣሪ እናቲቱ ነበረች። ስንት ፍልጥ እንደቀረ፣ የቱ እንጨት ቶሎ እንደሚያልቅ፣ የቱ ፍም እንደሚይዝ የምታውቀው እሷ ናት። ማታ ፍሙን አመድ አልብሳ ታሳድረዋለች። ከጠፋባት ጎረቤት ሄዳ እሳት ትጭራለች። ዛሬ የሰጠችው ነገ ትጭራለችና ሒሳብ የሚይዝ የለም፤ የሰፈር ኃይል በሰፈር ይተዳደር ነበር። ከቤት ውጭ ያለውን ደግሞ ልማድ ያስተዳድረዋል። በጋሞ ደጋ የአምልኮና የቀብር ቦታ የሆኑ ጥብቅ ደኖች አሉ። ከእነሱ እንጨት መቁረጥ ጎሜ ነው፤ ነውሩን የፈጸመ ሰው በራሱም በቤተሰቡም ላይ መዓት ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። ብዙ ኮረብታ በተራቆተበት አገር እነዚያ ደኖች የቆዩት በዚህ ፍርሃት ነው።

ኤሌክትሪክ በዚህ ጊዜ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ግድም በአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጄነሬተር በራ፣ በ1904 ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። ከጋሞ ሰዎች የአምፖልን ብርሃን ቀድመው የለመዱት ደጋውን ለቀው ጉለሌና ሽሮ ሜዳ የሰፈሩት ሸማኔዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። አገር ቤት የቀሩት ወገኖቻቸው ግን ድርና ማጉን የሚያዩት በፀሐይ ነበር፤ ሲመሽ ሥራ ያበቃል።

ከ1955 እስከ 1966፦ ከተማና ጄነሬተር

በ1950ዎቹ አጋማሽ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ ቆላው ወረደ። አርባ ምንጭ የተቆረቆረችው ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ፣ ስሟን ካወጡላት ምንጮች አጠገብ ነው። ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች ሆነው ሁለት ከተማ በአንድ ስም ተተከለ። አገረ ገዥው፣ ጸሐፊው፣ ወታደሩ፣ መምህሩና ነጋዴው ከየአውራጃው ተሰብስቦ መጣ። እንጀራውንም ይዞ መጣ።

የእንጀራው ነገር የምግብ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል። የጋሞ ሰው ከእንሰት፣ ከበቆሎ፣ ከማሽላና ከሃለኮ ቅጠል የሚሠራው ምግብ በድስት የሚበስል ነውና በትንሽ እሳትም ይደርሳል። እንጀራ ግን ሰፊ ምጣድ ዳር እስከ ዳር እኩል እንዲግል ይፈልጋል። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ አብዛኛውን ሙቀት ለንፋስ ይሰጣል። የከተማዋ ሕዝብ በጨመረ ቁጥር ከገደሉ ሥር ያለው የምንጮቹ ደንና የአካባቢው ቁጥቋጦ ለማገዶ ይራገፍ ጀመር። ጀርባቸው የጎበጠ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች የአርባ ምንጭ መንገድ መለያ ሆነው የቀሩት ከዚህ የተነሣ ነው። በ1966 የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም እነዚህ ሴቶች እንጀራ የሚበሉበትን ሥራ የሚሠሩት በተከለከለ መሬት ሆነ።

መብራቱ ሌላ መንገድ ነበረው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ተቋቋመ፣ በ1952 ከጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው ቆቃ ግድብ ማመንጨት ጀመረ። የቆቃ መስመር ግን አዲስ አበባንና ዙሪያዋን እንጂ የክፍለ አገር ከተሞችን አይደርስም። ሩቅ ከተሞች በየራሳቸው የናፍጣ ጄነሬተር ይበሩ ነበር፤ አርባ ምንጭም ከእነሱ አንዷ ናት። ናፍጣው በቦቴ ይመጣል። መንገድ ሲበላሽ ወይም ማሽኑ ሲታመም ከተማው በፋኖስና በኩራዝ ያድራል። በጄነሬተር ከተማ የሚቆጥረው ማሽኑን የሚያስነሣው ሠራተኛ ነው። እሱ ሲያጠፋ ሁሉም ይተኛል፤ ባለ አንድ አምፖሉም ባለ ሆቴሉም እኩል ጨለማ ውስጥ ይገባል።

1966 በዓለም ላይ የነዳጅ ዋጋ በአራት እጥፍ ያሻቀበበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቤንዚን ጭማሪ የታክሲ ነጂዎችን ሥራ አስቁሞ ለአብዮቱ ክብሪት ከጫሩት ነገሮች አንዱ ሆነ። በናፍጣ ለሚበራ ከተማ ትርጉሙ ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ አምፖል ከውጭ በተገዛ ዘይት ላይ ቆሟል።

ከ1967 በኋላ፦ አንድ ቆጣሪ፣ ብዙ በር

ስለ ኤሌክትሪክ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ግድብ መቁጠር ይወዳሉ። ለቤት ግን ከብዙ ግድቦች ይልቅ የከበደው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ይመስለኛል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፣ ብዙው የኪራይ ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። በየከተማው በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ተደርድሮ መኖሩ ተለመደ። ቆጣሪ ግን ውድ ነው፣ ለማስገባትም ደጅ ጥናት አለው። ስለዚህ አንዱ ቤት ቆጣሪ ያወጣል፣ ሌሎቹ ከእሱ ይቀጥላሉ።

የቀጠለ ቤት የሚከፍለው በአምፖል ቁጥር ነው። ሁለት አምፖል ያለው ይህን ያህል፣ ራዲዮ የጨመረ ይህን ያህል፣ የልብስ ካውያ ያለው ከባለ ቆጣሪው ጋር ይነጋገራል። ማታ በጊዜ ማጥፋት ግዴታ ነው፤ ባለ ቆጣሪዋ በበሩ ሽንቁር ብርሃን ካየች ታንኳኳለች። ባልቦላ ከተቃጠለ ማን ምን እንደሰካ ግቢው ሁሉ ይመረመራል። ክርክሩ፣ ኩርፊያው፣ በዓል ሲደርስ የሚደረገው ምሕረት ሁሉ የዚህ አስተዳደር አካል ነበር። በግል የኪራይ ግቢ ይህ ሥርዓት ዛሬም አለ። ዛሬ በውጭ አገር መሐንዲሶች በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ቤተሰቦች ኃይልን እንዴት ይካፈሉ እያሉ ሶፍትዌር ይጽፋሉ፤ የሲቀላ ግቢ ያንን ጥያቄ ያለ ሶፍትዌር፣ እንደ አቅሙና በብዙ ጭቅጭቅ ሲመልስ ኖሯል።

በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ በመስታወት ውስጥ የሚሽከረከር የአሉሚኒየም ዲስክ ያለው ነው። ዲስኩ ጠርዙ ላይ ምልክት አለው። አምፖል ብቻ ሲበራ ምልክቱ ቀስ ብሎ ዞሮ ይመለሳል፤ ካውያ ሲሰካ ይፈጥናል። ያንን ዲስክ ቆሞ ያየ ልጅ የቤቱን ፍጆታ በዓይኑ ያይ ነበር። ኋላ የመጡት ዲጂታል ቆጣሪዎች ቁጥራቸው ትክክል ነው፤ ሩጫውን ግን ማንም ቆሞ አያየውም።

1980ዎቹ፦ መስመሩ መጣ፣ ምጣዱ ተከተለ

በ1979 የአርባ ምንጭ ውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። በውኃ የሚኖር አገር ውኃን የሚያውቅ መሐንዲስ እንዲያፈራ የታሰበ ተቋም ነው፤ በ1996 አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1981 ገደማ ደግሞ በባሌ በኩል 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው መልካ ዋከና ሥራ ጀመረ፣ ብሔራዊው መስመርም ወደ ደቡብ ተዘረጋ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው የ132 ኪሎ ቮልት መስመር ከተማዋን ከናፍጣ አላቀቃት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የውኃ ፓምፖቹ፣ ሆቴሎቹ በዚሁ መስመር ላይ ተንጠለጠሉ።

ቤቱን የለወጠው ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በሸክላው ሥር በተቦረቦረ መስመር የሽቦ ጥቅል ይቀበራል፣ በቆርቆሮ ገበቴ ላይ ይቀመጣል፣ በወፍራም ገመድ ይሰካል። ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ይህ 58 ባለ 60 ዋት አምፖሎች በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። ምጣዱ እስኪግል ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ከዚያ ማሰሻ ይነካዋል፣ ሊጡ ይዞራል፣ አክንባሎው ይከደናል። ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግር በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ለምጣዱ ብቻ ይሄዳል። ይህን ቁጥር እንያዘው፤ ወደፊት ታሪፉ ላይ ስንደርስ ይመለሳል።

ባለ አንድ ቆጣሪው ግቢ ምጣድ ሲገባበት ሕጉ ተቀየረ። ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ ባልቦላው ይሄዳልና የመጋገሪያ ተራ ወጣ። ተራዋን ያሳለፈች ሴት ሊጧ ይኮመጥጥባታል። ከግቢው ውጭ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት አልነበረም። አንድ ባለ 50 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር በሚመግበው ሰፈር አሥራ አምስት ምጣድ አብሮ ቢሰካ ከአቅሙ በላይ ነው። በበዓል ዋዜማ ትራንስፎርመር የሚፈነዳው፣ አምፖሉ እንደ ኩራዝ የሚደበዝዘው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሁሉም ሰው የየራሱን ቤት ብቻ እያየ ነው የሚሰካው።

መስመር ያልደረሰው ገጠር በዚህ ጊዜ ሌላ መሻሻል አገኘ። ለከሰል ላቀች ምድጃ፣ ለእንጀራ ደግሞ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ መጡ። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል። ከ2000 በኋላ ደግሞ ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም የያኔውን የደቡብ ክልል ጨምሮ በአራት ክልሎች ተጀመረ። እበት ያለው ገበሬ ጉድጓድ አስገንብቶ በራሱ ጋዝ ቡና ያፈላል። ባለ ምርጥ ምድጃዋ ስንት እንጨት እንደተረፋት በዓይኗ ታያለች፤ በዚህ በኩል ከከተማ እህቷ ትሻላለች።

ከ1995 እስከ 2002፦ ፈረቃ

በውኃ የሚያመነጭ አገር ዝናብ ሲቀርበት ጨለማው ይመጣል። በ1995 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ2001 የግድቦች ውኃ ሲወርድ ኃይል በፈረቃ ሆነ። ፈረቃ ሰፈሩን በሙሉ አጥፍቶ ሌላውን ያበራል፤ ማቀዝቀዣ ሞልቶ ዓሣ የሚሸጠውም፣ አንድ አምፖል ያለውም እኩል ይቀጣል። ከ1955ቱ ጄነሬተር ጋር ስናስተያየው የተሻሻለ ነገር አልነበረውም። የሚያጠፋው እጅ ከከተማው ዳር ወደ አዲስ አበባ ሄደ እንጂ።

ሆኖም ከዚያ ችግር አንድ ቁም ነገር ወጣ። መብራት ኃይል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞች በነፃ አደለ፣ የድሮውን አምፖል እየተቀበለ አዲሱን ሰጠ። ባለ 60 ዋቱ ወርዶ ባለ 11 ዋት ገደማው ሲሰቀል ብርሃኑ ያው ነው፣ ፍጆታው ግን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ግድብ ሳይገነባ ኃይል ተገኘ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት በዚህች አገር የቤት ኃይል ታሪክ በዋጋ ሲታይ ከዚህ የበለጠ የተሳካ ሥራ የለም፤ የሚገባውን ያህል ግን አይነገርለትም።

በ1998 የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በበኩሉ መስመሩን ወደ ትናንሽ ከተሞች ይዘረጋ ነበር። ደንበኛው ሲበዛ ቆጣሪ አንባቢው አልዳረስ አለ። ቆጣሪ ሳይነበብ ወራት ያልፋሉ፤ በግምት የተጻፈ ሒሳብ ይመጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የተጠራቀመው በአንድ ላይ ይወርዳል። ደንበኛው ይጮኻል፣ ጽሕፈት ቤቱ ደብተር ያወጣል።

ከ2000 እስከ 2010፦ ካርድ

ለዚህ ጭቅጭቅ መፍትሔ ተብሎ የመጣው ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ነው። ሐሳቡን በሰፊው የሞከረችው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ በ1980ዎቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድሃ ቤቶችን መስመር ስታስገባ ቅድሚያ የሚከፈልበት ቆጣሪ ተከለችላቸው። እኛ ዘንድ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ወረደ። ደንበኛው ካርዱን ይዞ ማዕከሉ ድረስ ይሄዳል፣ ይከፍላል፣ ይሞላለታል፣ ቤቱ መጥቶ ቆጣሪው ላይ ያስገባዋል። ቆጣሪው ምን ያህል ኪሎ ዋት ሰዓት እንደቀረ ያሳያል። ሲያልቅ ራሱ ይቆርጣል።

ካርድ የሚያልቀው ሊጥ ተቦክቶ፣ ምጣድ ተጥዶ፣ ቀኑም እሑድ ሆኖ ነው ይላሉ፤ ቀልድ ይምሰል እንጂ ምክንያት አለው። ቤቱ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚስበው ምጣዱ ነውና የቀረችው ትንሽ ሒሳብ የምታልቀው በእሱ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሰልፉ፣ ሲስተም የለም የሚባለው መልስ፣ ለካርድ የሚባክነው ግማሽ ቀን አለ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ተገኘ። ከዲስኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሩ ወደ ቤት ተመለሰ። ካርድ የሚሞላ ቤት ስንት እንደቀረው ያውቃል፣ ምጣድ የበላውን ከምጣድ በፊትና በኋላ አንብቦ ማወቅ ይችላል። ልጆችም አምፖል ማጥፋት ለምደዋል።

በ1989 ኮርፖሬሽን የሆነው መብራት ኃይል በ2006 ለሁለት ተከፈለ። ማመንጨቱና ከፍተኛው መስመር ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭቱና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። ቆጣሪው የኋለኛው ነው። ሕዝቡ ግን ዛሬም መብራት ኃይል ነው የሚለው።

ከ2009 እስከ 2013፦ ኃይሉ በዛ፣ ዋጋውም ተነሣ

በታኅሣሥ 2009 በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ 3 ተመረቀ። ለአርባ ምንጭ ይህ የጎረቤት ግድብ ነው ማለት ይቻላል። በኅዳር 2010 ደግሞ መንግሥት ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራሙን ይፋ አደረገ፤ በ2017 ለሁሉም ሰው ኤሌክትሪክ ለማድረስ፣ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን በፀሐይና በመሳሰሉት አማራጮች ለመሸፈን ታቀደ።

2011 ሦስት ነገር በአንድ ላይ ያመጣ ዓመት ነው። ጋሞ ጎፋ ተከፍሎ ጋሞ የራሱ ዞን ሆነ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ያልተነካው የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲጨምር ተወሰነ፤ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀመው ግን በኪሎ ዋት ሰዓት 0.273 ብር መክፈሉን እንዲቀጥል ተደረገ። ምጣዱን እዚህ ላይ እናስታውስ፦ በወር 45 የሚበላው ምጣድ ያለበት ቤት አምፖልና ቴሌቪዥን ሲጨምር ከድሃ ድጎማው ወሰን ያልፋል። ድጎማው በተግባር በማገዶ ለሚጋግረው ቤት ሆነ።

ሦስተኛው በግንቦት መጣ። የጊቤ 3 ውኃ ወርዶ የ476 ሜጋ ዋት ጉድለት መድረሱን የውኃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትሩ ስለሺ በቀለ አስታወቁ፤ ለቤቶች በቀን በሦስት ዙር የተከፈለ ፈረቃ ወጣ፣ ወደ ሱዳን ይላክ የነበረውም ተቋረጠ። ግዙፉ ግድብም ከዝናብ በላይ እንዳልሆነ ታየ። በሲቀላ ሙቀት ፈረቃ ማለት የቆመ ማራገቢያና የቀለጠ በረዶ ነው። ደጋው ጨንቻ በብርዱ ምክንያት ያለ ማቀዝቀዣ ጥቂት ቀን መታገሥ ይችላል፤ ለፈረቃ አውጪው ግን ሁለቱ እኩል ናቸው።

በዚሁ ጊዜ ገጠሩ ፀሐይን ለምዷል። ለላምባ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለአነስተኛ የሶላር መብራትና ለስልክ ቻርጅ ዋለ። በግንቦት 2013 ቴሌብር ሲጀመር ለመብራት ሒሳብ መሰለፍም ለብዙ ቤት እየቀረ መጣ። ስልኩ እጅ ላይ ገብቷል፣ ለስማርት ቤት የቀረው ቆጣሪው ነበር።

ከ2014 ወዲህ፦ የሚናገር ቆጣሪ

ስማርት ቆጣሪ የካርዱ ታናሽ ወንድም አይደለም። በውስጡ የመገናኛ ሞደም አለው፤ ፍጆታውን በየሩብ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ እየመዘገበ በሞባይል ኔትወርክ ወይም በራሱ በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ይልካል። ከጽሕፈት ቤት ሆኖ መዝጋትና መክፈት ይቻላል። መስመር ሲሰረቅ፣ ክዳኑ ሲነካ፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ይናገራል። ጣሊያን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥታ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ ሠላሳ ሚሊዮን ቤት ተከለች። እኛ ዘንድ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ከከፍተኛ ኃይል ተጠቃሚዎችና ከኢንዱስትሪዎች ነው የጀመረው፤ ብዙ ገንዘብ የሚገኘውና የሚባክነው እነሱ ዘንድ ስለሆነ ምርጫው ትክክል ነበር።

ስማርት ቆጣሪ የሚያስፈልግበት ምክንያትም እየጠነከረ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ የሚገባው ከፍተኛ መስመር በኅዳር 2015 የንግድ ሥራ ጀመረ። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ከምጣዱ ጎን ሌላ ከባድ ሸክም ሆኖ ግቢ ውስጥ ገብቷል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ አዲስ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ኃይል አለ፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ገመድ ግን የትናንቱ ነው። ከግድቡ እስከ ምጣዱ ባለው መንገድ የሚጠበው የመጨረሻው አንድ ኪሎ ሜትር ነው።

ዛሬ በአርባ ምንጭ በስልክ የሚታዘዝ ሶኬትና አምፖል የገጠመ ቤት ቢፈለግ አይጠፋም። እንግዳ ካርዱን ነቅሎ ሲወጣ የክፍሉን መብራት የሚያጠፋ ሆቴልም አለ። እነዚህ ግን የአንድ ባለቤት ቁጠባ ናቸው። ሰፈሩን የሚጠቅመው ሌላ ነው። ምሽት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት አገሩ ሁሉ በሚሰካበት ጊዜ ማን ምጣዱን ወደ ረፋድ ቢያዞር ምን ያህል እንደሚያተርፍ፣ ትራንስፎርመሩ ምን ያህል እንደተጫነ ሰፈሩ ቢያውቅ የድሮው የመጋገሪያ ተራ ከግቢ ወጥቶ እስከ ቀጠና ይደርሳል። ይህን ቁጥር ስማርት ቆጣሪው ይይዘዋል። የሚልከው ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

እንግሊዝ ስማርት ቆጣሪ ስትተክል ኩባንያዎቹ ለቤቱ ፍጆታውን የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን አብረው እንዲያቀርቡ ግዴታ ጣለች። እኛ ለስክሪኑ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገንም፤ ስልክ አለን። ከአሥር ቤት ዘጠኙ ዛሬም በማገዶና በከሰል በሚያበስልባት አገር ቀጣዩ ቆጣሪ ለመቁረጥ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሴቶቹ ወደ እንጨቱ ይመለሳሉ፤ የምንጮቹ ደንም ይከፍላል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አርባ ምንጭ ላይ ስማርት ቆጣሪ በየቤቱ መትከል ሲጀምር የዕለቱን ፍጆታ በአማርኛና በጋሞኛ ለባለቤቱ በአጭር መልእክት ይላክ፣ የትራንስፎርመሩንም ጭነት ለቀበሌው ያሳውቅ፣ ከጭንቅ ሰዓት ውጭ ለሚጋግር ቤት ዋጋ ይቀንስ። ዩኒቨርሲቲው እዚያው ነው፤ ሥራውን በአንድ ቀጠና ሞክሮ ለማሳየት ከሴቻና ከሲቀላ የተሻለ ቦታ አያገኝም።